«እጅህን ካነሳህ አቆማለሁ»፦ የልጆችን ጥርስ በስካነር ስንለካ የያዝኩት ማስታወሻ

ጥቅምት 5 ቀን 2017

ዛሬ አንድ የ6 ዓመት ልጅ ወንበሬ ላይ አስመለሰ።

በስተቀኝ ያለችው የታች የመጀመሪያ የወተት መንጋጋው ከተነቀለች ሦስት ሳምንት ሆኗታል። ክፍተቱ እንዳይጠብ የቦታ መጠበቂያ ልንሠራለት ነበር። ለዚያ ደግሞ የአፉን ቅርጽ መውሰድ ያስፈልጋል። የአፍ ቅርጽ የሚወሰድበትን ዱቄት፣ አልጂኔቱን፣ በውሃ በጥብጬ ትሪው ላይ ሞላሁና አፉ ውስጥ አስገባሁ። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ መጠበቅ ነው። እስኪረጋ አንድ ሁለት ደቂቃ ይፈልጋል። ለትልቅ ሰው ምንም አይደለም። ለ6 ዓመት ልጅ ግን ወደ ጉሮሮው የሚወርድ የሚመስል ሊጥ አፉ ውስጥ ይዞ መቀመጥ ማለት ነው።

ግማሽ ላይ ሳንደርስ እጁን ማወራጨት ጀመረ። እኔም ሁላችንም የምናደርገውን አደረግኩ። «ጎበዝ፣ አለቀ፣ አለቀ» እያልኩ ትሪውን ይዤ ቆየሁ። አላለቀም ነበር። ልጁም እንዳላለቀ ያውቃል።

እናቱ ልብሱን እየጠረገች ይቅርታ ስትጠይቀኝ አፈርኩ። ይቅርታ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ።

የአፍን ቅርጽ በብርሃን የሚያነሳው ስካነር ክሊኒካችን ከገባ ሁለት ወር አልፎታል። እስካሁን ለአዋቂዎች ክራውን (የጥርስ ሽፋን) ብቻ ነው የተጠቀምንበት። ልጆች ላይ ያልሞከርነው ልጅ አይቀመጥም ብለን ነው። ከነገ ጀምሮ እሞክራለሁ። የተሳካውንም ያልተሳካውንም እዚህ እጽፋለሁ።

ጥቅምት 8

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ፈረንሳዊው ፍራንስዋ ዱሬ በብርሃን የጥርስ ቅርጽ ስለ መውሰድ የመመረቂያ ጽሑፉን ያቀረበው በ1973 እ.ኤ.አ. ነው። በ1985 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቨርነር መርማንና ማርኮ ብራንዴስቲኒ ዙሪክ ዩኒቨርሲቲ የሠሩት ሴሬክ የተባለ መሣሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ በታካሚ ላይ ዋለ። ያኔ ብርሃኑ እንዳያንጸባርቅ ጥርሱ ላይ ነጭ ዱቄት መንፋት ግድ ነበር። ልጅ አፍ ውስጥ ዱቄት መንፋትን ሳስበው ገና ከአሁኑ ያስለኛል። የዛሬዎቹ መሣሪያዎች በአብዛኛው ያለ ዱቄት ይሠራሉ።

ዛሬ የሞከርኩት የጀሶ ሞዴል ላይ ነው። የመሣሪያው ጫፍ ላይ ትንሽ መስታወት አለች። መሣሪያው በእሷ በኩል ብርሃን ይረጫል፣ የጥርሱን ምስል በሰከንድ ብዙ ጊዜ ያነሳል። ሶፍትዌሩ የሚሠራው ልክ እንደ ልብስ ሰፊ ነው። አንዱን ቁራጭ ከሌላው ጋር ጠርዝ ለጠርዝ አደራርቦ ይሰፋዋል። የሚደራረብ ጠርዝ ካጣ ይቆማል። እጄ ሲዘል ይጠፋዋል። ዝግ ብዬ ስሄድ ይከተለኛል።

ሁለት ነገር ተማርኩ። የወንበሩ መብራት መጥፋት አለበት፤ ብርሃኑ ስካነሩን ይረብሸዋል። የመስኮቱ መጋረጃም ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ መዘጋት አለበት።

ጀሶ ምላስ የለውም። ምራቅም የለውም። ጀሶ ላይ ጎበዝ ሆኜ ዋልኩ።

ጥቅምት 14

ረዳታችን ሲስተር «እኔ ላይ ይሞክሩ ዶክተር» ብላ ተቀመጠች። አምስት ጊዜ ስካን አደረግኳት። በአምስተኛው መንገዱ ገባኝ።

የምጀምረው ከኋላ መንጋጋ ማኘኪያ ገጽ ላይ ነው። ሰፊ ነው፣ ጉብታና ሸለቆ አለው፣ ሶፍትዌሩ የሚይዘው ነገር ያገኛል። ከዚያ ማኘኪያ ማኘኪያውን ይዤ ወደ ፊት እሄዳለሁ። ስመለስ በምላስ በኩል፣ በመጨረሻ በጉንጭ በኩል። የፊት ጥርሶች ጋ ስደርስ ጫፋቸው ቀጭን ስለሆነ መሣሪያውን ትንሽ ወደ ውስጥ አዘነብለዋለሁ፤ ጫፉና ጀርባው አብረው እንዲታዩ።

ከላይ ያሉት የመጨረሻ መንጋጋዎች በጉንጭ በኩል አስቸጋሪ ናቸው። አፍ በደንብ ሲከፈት ቦታው ይሰፋል ብሎ ሰው ያስባል። ተቃራኒው ነው። አፍ ሲከፈት የታችኛው መንጋጋ አጥንት ወደ ፊት መጥቶ ቦታውን ይዘጋዋል። «አፍሽን ትንሽ ግጠሚው፣ አገጭሽን ወደዚህ ጎን አድርጊው» ስላት መሣሪያው ወለል ብሎ ገባ። ይህን ለልጆች በቃል ሳይሆን በጨዋታ ማስተማር አለብኝ።

ጥቅምት 22

የመጀመሪያዋ ልጅ። 7 ዓመቷ ነው። አልተሳካም።

መሣሪያውን ስታየው አፏን ዘጋች። አልፈርድባትም። ለእኔ ትንሽ የሆነው ነገር ለእሷ የሻወር እጀታ ያህላል። አየር ስረጭባት ደግሞ የተበላው ጥርሷ ቀዝቅዞ አመማት። ከዚያ በኋላ ምንም ብል አልሰማችኝም።

ከዛሬ ጀምሮ የተበላ ጥርስ ያለበት ልጅ ላይ አየር የለም። በጋውዝ ቀስ ብሎ ማድረቅ ብቻ። ትልቁን ጫፍም ለልጅ አላወጣም። ከመሣሪያው ጋር የመጣ አነስተኛ ጫፍ አለ። በአንዴ የሚያየው ቦታ ጠባብ ስለሆነ ሥራውን ያዘገየዋል። ቢሆንም ይገባል። የማይገባ ፈጣን ጫፍ ምን ያደርግልኛል?

ልትሄድ ስትል አንድ ነገር ሆነ። መሣሪያውን ጠረጴዛ ላይ እንደበራ ትቼው ነበር። ጠጋ ብላ አውራ ጣቷን ብርሃኑ ላይ አደረገች። ጥፍሯ ስክሪኑ ላይ ብቅ አለ። «እንዴ! ጣቴ!» አለች። ጣቷን አዞረችው፣ ስክሪኑ ላይ ያለው ጣት እየተሞላ ሄደ። የጥፍሯ ቀለም ሳይቀር ይታያል። ሁለት ደቂቃ ሙሉ ቆማ የገዛ ጣቷን ስካን አደረገች።

ሁለት ደቂቃ። አፏን እንድትከፍት የለመንኳት ለዚህ ያህል ነበር።

ኅዳር 3

አሁን እያንዳንዱ ልጅ በጣቱ ይጀምራል። መሣሪያውን «ካሜራ» ነው የምንለው። በሕፃናት ጥርስ ሕክምና ንገር፣ አሳይ፣ ከዚያ ሥራ የሚባል የቆየ መንገድ አለ። እኔ ንገርና አሳይን እዘልለው ነበር፤ ወረፋ ስላለ። አሁን ልጁ ራሱ እንዲያሳየኝ አደርጋለሁ።

ሁለተኛው ለውጥ የሲስተር ነው። ልጆቹ «መቼ ነው የሚያልቀው?» ብለው ይጨነቃሉ። ደቂቃ ለእነሱ ምንም ማለት አይደለም። እሷ «ፊደል እንቁጠር» አለች። ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ ብላ አንድ ቤት ስትጨርስ ልጁ አንድ ጣት ያጥፋል። አፉ ስለተያዘ በጣቱ ነው የሚከተለው። በመጀመሪያው ሙከራ የአንድ ጎን ማኘኪያ ለመጨረስ እስከ በ ቤት ሄድን። ዛሬ ከሰዓት ከሀ እስከ መ ባለው ውስጥ አለቀ። አራት ቤት። ልጁ አራት ጣቱን አጥፎ አሳየኝ።

ሦስተኛው ደግሞ ለእኔ ትልቁ ነው። ከመጀመራችን በፊት «እጅህን ካነሳህ አቆማለሁ» እላለሁ። ካነሳም አቆማለሁ። ወዲያው። «ትንሽ ብቻ» የለም።

ይህን ቃል በአልጂኔት ልገባው አልችልም ነበር። አልጂኔት ግማሽ ላይ ከወጣ ይጣላል፤ እንደ አዲስ መበጥበጥ ነው። ስለዚህ ልጁን እንዋሸዋለን። ስካነሩ ግን ያየውን ይዞ ይጠብቃል። ልጁ ይውጣል፣ ያስላል፣ ውሃ ይጠጣል። ስንቀጥል ከአዲስ ቦታ አልጀምርም። አስቀድሞ የታየ ጥርስ ላይ፣ በተለይ ማኘኪያ ላይ፣ አሳርፈዋለሁ። ሶፍትዌሩ ቦታውን ያስታውሰውና ከዚያ ይሰፋል።

ዛሬ አንድ የ8 ዓመት ልጅ እጁን ስድስት ጊዜ አነሳ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ አሞት አልነበረም። እውነት አቆም እንደሆነ እየፈተነኝ ነበር። ከአራተኛው በኋላ ትከሻው ሲላላ በዓይኔ አየሁት።

ኅዳር 11

የፊት ጥርስ የሌላቸው ልጆች። 6 እና 7 ዓመት ላይ ያለ ልጅ ሁሉ ማለት ይቻላል ፊቱ ባዶ ነው። ሁለቱ የወተት ጥርሶች ወድቀዋል፣ ቋሚዎቹ ገና ብቅ ብቅ እያሉ ነው። እዚያ የሚታየው እርጥብ፣ ለስላሳ፣ የሚያንጸባርቅ ድድ ብቻ ነው። ሶፍትዌሩ የሚይዘው ጉብታ ያጣል። ከግራ ወደ ቀኝ ልሻገር ስል በየጊዜው ይጠፋበታል። አንዴማ ሁለቱን ጎኖች አጣምሞ ሰፍቶልኝ፣ የልጅቷ አፍ ስክሪኑ ላይ እንደ ተጣመመ በር ሆኖ ነበር።

ለላይኛው መንጋጋ መፍትሔ አለ። በላንቃ መሻገር። ከፊት ጥርሶች ጀርባ ላንቃ ላይ ሸንተረሮች አሉ፤ እነሱን ይዞ ይሻገራል። ወደ ኋላ ግን አልሄድም፤ እዚያ ማስመለስ ይመጣል።

ለታችኛው ሸንተረር የለም። በግራና በቀኝ ያሉትን ክራንቻዎች በተቻለ መጠን አብሬ እያሳየሁ፣ ድዱን አድርቄ፣ ከንፈሩን በጣቴ ይዤ፣ በጣም ዝግ ብዬ። አንዳንዴ ይሳካል።

ከዚያ አንድ ጥያቄ መጣብኝ። ለምን ነው የምሻገረው? ለአንድ ጎን የቦታ መጠበቂያ የሚያስፈልገኝ አንድ ጎን ብቻ ነው። የጠፋው ጥርስ፣ ከኋላው ያለው መንጋጋ፣ ከፊቱ ያለው ክራንቻ፣ ከላይ የሚገጥሟቸው ጥርሶች። መሣሪያው ሁሉንም ማየት ስለሚችል ብቻ ሁሉንም ሳሳየው ነበር። ረጅም ስካን በሄደ ቁጥር ትንንሽ የስፌት ስህተቶች ይጠራቀማሉ። አጭሩ ይበልጥ ትክክል ነው። ለልጁም ቀላል ነው። ከእንግዲህ የሚያስፈልገውን ብቻ።

ኅዳር 20

ስለ ንክሻ አጭር ማስታወሻ። ልጅን «ንከስ» ስትለው አገጩን ወደ ፊት ገፍቶ በፊት ጥርሱ ይነክሳል። ያንን ስካን ብታደርግ የሚሠራው ነገር አፉ ውስጥ አይገጥምም። አሁን የምለው «የምላስህን ጫፍ ወደ ላይ፣ ወደ ኋላ አድርግ፤ ምራቅህን ዋጥ፤ አሁን በኋላ ጥርስህ ግጠም» ነው። ሲውጥ መንጋጋው ራሱ ወደ ቦታው ይመለሳል። ከዚያ ጉንጩን ገለጥ አድርጎ በጎን ማንሳት። የአንድ ፊደል ቤት ሥራ ነው።

ኅዳር 25

የጥቅምት 5ቱ ልጅ መጣ። እናቱ አባብላ ነው ያመጣችው። በሩ ላይ ቆመ፣ ወንበሩን አየ፣ ከእናቱ ቀሚስ ጀርባ ገባ።

አልጎተትኩትም። መሣሪያውን ይዤ እኔ ወደ በሩ ሄድኩና ቁጭ አልኩ። «ያን ቀን አለቀ ብዬ ዋሽቼሃለሁ። አላለቀም ነበር» አልኩት። እናቱ ደነገጠች። እሱ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። ጣቱን ስካን አደረገ። ከዚያ የእናቱን ቀለበት። ከዚያ የእኔን የአፍንጫ ጫፍ።

አፉን አልከፈተም። ቀጠሮ ሰጠሁት። ክፍተቱ በየሳምንቱ ሊጠብ እንደሚችል አውቃለሁ፤ ለእናቱም ነገርኳት። ግን ዛሬ አስገድጄው ቢሆን ኖሮ ድጋሚ የሚመጣ አይመስለኝም።

ታኅሣሥ 2

ፋይል ከተገኘ በኋላ ያለው ሥራ። ላብራቶሪ ያለው ቴክኒሻናችን በዕድሜ ጋሼ የምንለው ሰው ነው፤ በጀሶና በሽቦ ዕድሜውን የገፋ። የላክሁለትን ፋይል ከፍቶ ደወለልኝ። «ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ግራጫ ነው። ድዱ የት ጋ ያልቃል? ጥርሱስ የት ይጀምራል?» ልክ ነው። ኤስቲኤል በሚባል የፋይል ዓይነት ነበር የላክሁት፤ ኤስቲኤል ቅርጽ እንጂ ቀለም አይዝም። ፒኤልዋይ በሚባለው፣ ቀለምም በሚይዘው ዓይነት ስልክለት ድዱ ሮዝ፣ የተበላውም ቦታ ቡናማ ሆኖ ታየው። «አሁን ሰው ሆነ» አለኝ።

ሁለተኛው ችግር እሳት ነው። በሬዚን (ፕላስቲክ በመሰለ ነገር) የታተመው ሞዴል ላይ የቦታ መጠበቂያውን ክፍሎች፣ መንጋጋው ላይ የሚጠለቀውን ቀለበትና ክፍተቱን የሚይዘውን ሽቦ፣ ገጠመ። ሽቦውን ከቀለበቱ ጋር ሊበይድ ሲል ግን ሬዚኑ ሙቀት አይችልም። ጀሶ ይችላል። ጋሼ ያደረገው ቀላል ነው። ሽቦውንና ቀለበቱን በሰም አጣብቆ ከሞዴሉ አወጣቸው፣ እሳት በሚችል ጀሶ ያዛቸው፣ እዚያ ላይ በየደው። መልሶ ሞዴሉ ላይ ሲለካው ገጠመ። ይህን ማንም አላስተማረውም።

ሦስተኛው መብራት ነው። ሞዴሉን ከፋይሉ የሚያትመው ማሽን ሦስት አራተኛውን እንዳተመ መብራት ጠፋ። ግማሽ መንጋጋ ይዘን ቀረን። አሁን ማተሚያው ዩፒኤስ አለው፣ ትልቅ ሥራም የምንጀምረው ጄኔሬተሩ ነዳጅ እንዳለው አይተን ነው። ለልጁ ግን ችግር አልሆነም። ፋይሉ አለ። በአልጂኔት ዘመን ሞዴል ሲሰበር ልጁን መልሰን እንጠራው ነበር።

ታኅሣሥ 10

ዛሬ የተማርኩት ነገር አስደንግጦኛል።

የአንድ ልጅ ስካን ስክሪን ላይ ንጹሕ ነበር። ምንም ቀዳዳ የለም። ግን በሁለቱ መንጋጋዎች መካከል ያለው ግድግዳ በጣም ለስላሳ ሆነብኝ። መለስ ብዬ ጥሬውን ሳየው እዚያ ምንም አልተነሳም። ሶፍትዌሩ ያላየውን ቦታ በግምት ሞልቶታል። ስክሪኑ ላይ የነበረው የልጁ ጥርስ አልነበረም። ቀለበቱ ደግሞ የሚገባው በዚያ በኩል ነው።

አሁን ከማስቀመጤ በፊት ቀዳዳ መሙያውን አጥፍቼ አየዋለሁ። ጥርሶቹ የሚነካኩበት ቦታና የድድ ጠርዝ ላይ ቀዳዳ ካለ ልጁ ከወንበሩ ሳይወርድ እመለስበታለሁ። የላንቃ ጥግ ላይ ቀዳዳ ቢኖር ግድ የለኝም።

ትክክለኛነቱንም በእጄ ለማረጋገጥ የታተሙትን ሞዴሎች በካሊፐር (ትንሽ ስፋት በሚለካ መሣሪያ) ለካሁ፤ ልጆቹ አፍ ውስጥም የዚያኑ ጥርስ ስፋት ለካሁ። ለአንድ ጎን ሥራ ልዩነቱ የእጄን መንቀጥቀጥ ያህል ነው። ለዚህ ዓይነት ሥራ በቂ ነው።

ታኅሣሥ 17

ልጁ መጣ። ወንበሩ ላይ ወጣ። «ካነሳሁ ታቆሚያለሽ?» አለኝ። አቆማለሁ አልኩት።

ሁለት ጊዜ አነሳ። አንዱ ምራቁን ለመዋጥ ነው። ሁለተኛው ሲስተር ሠ ቤትን ዘላ ረ ስላለች ሊያርማት ነው። አፉን ዘግቶ «ሠ ረሳሽ!» አላት። ከዚያ ራሱ ከፈተው።

በሌላው ጎን ያለችው ያልተነቀለች የወተት መንጋጋው 7.9 ሚሊ ሜትር ናት። ክፍተቱ ግን 6.8 ደርሷል። አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ጠፍቷል። ከሥር የምትመጣው ቋሚ ጥርስ በአማካይ 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ናት፤ የምትወጣውም 10 ዓመት አካባቢ ነው። ያለውን ቦታ መጠበቅ እንችላለን። የጠፋውን ግን ልብ አድርጌዋለሁ። ጥቅምት 5 ቀን ይህን ሁሉ አውቄ ቢሆን ኖሮ ያ ሚሊ ሜትር ይኖር ነበር።

ታኅሣሥ 24

ዛሬ ረጅም ነው የምጽፈው።

አንዲት እናት አዛውንት የ8 ዓመት የልጅ ልጃቸውን ይዘው ከገጠር መጡ። የመጡት መንጋጋው አሞት ነው። ስካን ያደረግነው የተበላውን ለማየትና ለመመዝገብ ነው። ልጁ ዝምተኛ ነው፣ ሳይንቀሳቀስ ተቀመጠ፤ በአንድ ዙር አለቀ።

ስክሪኑ ላይ ሳዞረው ታች በሁለቱም ጎን የወተት ክራንቻ የለም። በግራ በኩል ደግሞ አጠገቡ ያለችው ቋሚ የፊት ጥርስ ወደ ባዶው ዘንበል ብላለች፣ ገጿም ጎድጉዷል። ልጁ በዚህ ዕድሜው ክራንቻው ሊወድቅ አይገባም ነበር። ሁለቱም በአንድ ላይ፣ ከታች ብቻ። ሳልጠይቅ ገባኝ። ቢሆንም ጠየቅኩ።

«እማማ፣ ሕፃን እያለ ግግ ወጥቶለት ነበር?»

«አዎ ልጄ። ተቅማጡ አላቆም ብሎት ነበር። ግግ ነው አሉን፣ አወጡለት።»

ለማያውቅ አንባቢ ልንገር። ሕፃኑ ጥቂት ወራት ሲሞላው ክራንቻው ሊወጣበት ያለው ድድ ላይ ነጭ እብጠት ይታያል። እብጠቱ ያልወጣው ጥርስ ነው። ሕፃኑ ሲያስቀምጠው፣ ሲያተኩሰው ወይም ሲያስመልሰው ጥፋቱ በዚያ እብጠት ይሳበባል። ያለ ማደንዘዣ፣ ብዙ ጊዜም ባልተቀቀለ ስለት ይቆፈርና ይወጣል። ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ይከተላል፤ ሕፃን የሚሞትበትም ጊዜ አለ። በሕይወት የተረፈው ደግሞ ክራንቻ ያጣል፤ ከሥር ያለው የቋሚው ጥርስ እንቡጥም ሊጎዳ ይችላል። ወደ እስራኤል በሄዱ የቤተ እስራኤል ልጆች ላይም ሐኪሞች ይህንኑ አይተው ጽፈዋል። ልማዱ ከሰው ጋር ይጓዛል፤ ምልክቱም አፍ ውስጥ ይቀራል።

ብዙ ጊዜ ይህን ለቤተሰብ ስነግር በመስታወት ነበር የማሳየው። ልጁ አፉን ከፍቶ፣ እኔ መብራት ይዤ፣ እነሱ አንገታቸውን አስግገው። ምንም አያዩም። ዛሬ እማማን ከስክሪኑ ፊት አስቀመጥኳቸው። የልጁ ጥርስ በራሱ ቀለም፣ በትልቁ። በጣታቸው እየተከተሉ ቆጠሩ። መሐል ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። በሌላኛው ጎን ቆጠሩ። እዚያም ቆመ።

«ጥርስ ነበር እንዴ?» አሉኝ።

«ጥርስ ነበር እማማ።»

ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «እኛ ሊድን ብለን ነው» አሉ። አውቃለሁ አልኳቸው። አውቃለሁም። ሕፃን በተቅማጥ ሲሞት ያየ ሰው እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። ተቅማጥ ሲይዘው ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ እንደሚያድነው፣ ኦአርኤስ የሚባለውም የዱቄት ጨው እዚያ እንዳለ ነገርኳቸው። ቤት ውስጥ የ5 ወር ሕፃን እንዳለ የነገሩኝ ያኔ ነው። የስክሪኑን ፎቶ አትሜ ሰጠኋቸው። «ለእናቱ አሳያታለሁ» ብለው አጥፈው መቀነታቸው ውስጥ አስገቡት።

ስካኑ ከድድ በላይ ያለውን ብቻ ነው የሚያሳየው። ከሥር ቋሚው ክራንቻ አለ ወይስ የለም የሚለውን ለማወቅ ራጅ አዝዣለሁ። ጨረር የለውም ብለን ስካነሩን ስንወድ ይህን መርሳት የለብንም፤ ያልበቀለን ጥርስ አያይም።

ጥር 6

የቦታ መጠበቂያው ተገጠመ። ቀለበቱ በመጀመሪያ ሙከራ ገባ። ልጁ በምላሱ ነካካውና «ብስክሌት ይመስላል» አለ። በየ3 ወሩ እናየዋለን፤ ቀጣዩ ሚያዝያ ላይ ነው።

ዛሬ ሌላ ልጅ ላይ የብረት ክራውን አስቸገረኝ። የሚያብረቀርቅ ብረት ብርሃኑን መልሶ ስለሚረጨው ስክሪኑ ላይ ጥርሱ ቦታ ሽፍታ የመሰለ ነገር ይወጣል። ምራቁን በደንብ ማድረቅና መሣሪያውን በቀጥታ ሳይሆን አዘንብሎ መያዝ ረዳኝ። አንግሉን ሦስት ጊዜ ከቀየርኩ በኋላ ተነሳ።

ጫፎቹን በተመለከተ፦ ከእያንዳንዱ ልጅ በኋላ በ134 ዲግሪ በእንፋሎት የሚቀቅለው ማሽን (ኦቶክሌቭ) ውስጥ ይገባሉ። አምራቹ ስንት ጊዜ መግባት እንደሚችሉ ወስኗል፤ ሲስተር በየጫፉ ሣጥን ላይ በእስክሪብቶ ታሰምራለች። ትንሹ ጫፍ ያለን ሁለት ብቻ ነው። ስለዚህ በአንድ ጠዋት ከሁለት ልጅ በላይ መቅጠር አንችልም። ሦስተኛውን ልጅ በትልቁ ጫፍ ለመሥራት ፈተና ነበረብኝ። አልሠራሁም።

ጥር 21

ሁለት የአሠራር ለውጦች።

ፋይል ለጋሼ በቴሌግራም ስንልክ የፋይሉ ስም የልጁ ሙሉ ስም ነበር። ማንም አላሰበበትም። የሰው አፍ ልክ እንደ ጣት አሻራ የራሱ ነው፤ የልጅ ሲሆን ደግሞ ፈቃዱን የሚሰጠው ሌላ ሰው ነው። በአዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃ ጥበቃ ሕግም አለን። አሁን ፋይሉ የካርድ ቁጥር ብቻ ይዞ ይሄዳል። ለወላጅም አስቀድመን እንነግራለን።

ሁለተኛው፦ ልጁ የሚጥል በሽታ እንዳለበት እንጠይቃለን። የስካነሩ ብርሃን ብልጭ ድርግም ይላል፤ የአንዳንድ መሣሪያዎች መመሪያም ስለዚህ ያስጠነቅቃል። እስከ ዛሬ አለመጠየቃችን ትክክል አልነበረም። ጥያቄው የካርዱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ገብቷል።

የካቲት 4

የ4 ዓመት ሕፃን። እስካሁን ከመጡት ትንሿ ናት። ወንበሩ ላይ ብቻዋን አልተቀመጠችም፤ እናቷ ጭን ላይ ተኛች፣ ጭንቅላቷ እኔ ጉልበት ላይ፣ ፊቷ ወደ እናቷ። እጆቿን እናቷ አልያዘቻትም፤ እንዳትይዛት ነገርኳት። እጅ የሚነሳበት ነገር ስላለ።

ፊደል ገና አልጀመረችም። ሲስተር እስከ አምስት ብቻ ቆጠረች፣ ደጋግማ።

የታችኛው ቀኝ ማኘኪያ አለቀ። በምላስ በኩል ስጀምር እጇን አነሳች። አቆምኩ። ትንሽ ቆየን። ካሜራውን አሳየኋት፣ ጣቷን አላመጣችም። «ቤት» አለች።

እናቷ «ትንሽ ብቻ ቀርቶሻል እኮ ሚሚዬ» ስትል አየኋት። ፊቷ ላይ የታክሲው ወጪ፣ ከሥራ ያስፈቀደችው ቀን፣ ሁሉም ይታያል። ገባኝ። ግን «ትንሽ» አልነበረም፤ ግማሽ ነው የቀረው። ያንኑ ለሁለቱም ነገርኳቸው። ለመልሱ ቀጠሮ ገንዘብ እንደማንጠይቃትም ነገርኳት።

ፋይሉን አልዘጋሁትም። ስክሪኑ ላይ ሁለት ማኘኪያዎች አሉ፤ ጎናቸው ገና ባዶ ነው። ዓርብ ጠዋት 3 ሰዓት ተቀጥራለች። ትንሹ ጫፍ ለእሷ ተይዟል።